ጭሱ የት ያርፋል? ዘይቱስ ከየት ይፈስሳል? ስለ ትልልቅ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሞዴሎች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ይኸውም ትልልቅ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሞዴሎችን በዝርዝር ዕቃዎች ማሟላትና የአገልግሎት መልክ ማልበስ ነው። «የአገልግሎት መልክ» ስንል እውነተኛው ሎኮሞቲቭ ለዓመታት ሲሠራ የሚለብሰውን ጥላሸት፣ አቧራ፣ ዘይትና ዝገት በቀለምና በዱቄት በሞዴሉ ላይ ማምጣትን ማለታችን ነው። ተመሳሳይ ደብዳቤዎችን አንድ ላይ አድርገናል፤ ረዣዥሞቹንም አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጂፒ38-2 የተባለው የሰሜን አሜሪካ ባለ አራት አክስል የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሞዴል በ1፡29 ምጥጥን (ከእውነተኛው 29 ጊዜ ያነሰ) አለኝ። ከካርቶኑ እንደወጣ ስለሚያብረቀርቅ አሻንጉሊት ይመስላል። በ1፡87 ምጥጥን ብዙ ሞዴሎችን አስረጅቼ ስለማውቅ አይከብደኝም ብዬ ነበር፤ ይሁን እንጂ ያንኑ ዘዴ በትልቁ ላይ ስሞክረው የውሸት መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ከየት ልጀምር? ቅድሚያ የሚሰጠው ለቀለሙ ነው ወይስ ለዝርዝር ዕቃዎቹ?

መልስ፦ ችግሩ ከእጅዎ ሳይሆን ከርቀቱ የመጣ ነው። በ1፡87 የተሠራን ሞዴል በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲያዩት እውነተኛውን ሎኮሞቲቭ ከ52 ሜትር ርቀት እንደማየት ነው፤ የ1፡29ን ሞዴል በዚያው በ60 ሴንቲ ሜትር ሲያዩት ግን የቆሙት ከ17 ሜትር ተኩል በማይበልጥ ርቀት ላይ ነው። በ52 ሜትር የማይታየው በ17 ሜትር ይታያል። በትንሹ ሞዴል ላይ ጠርዞችን በደረቅ ብሩሽ ማፍካት ያስፈለገው በዚያ መጠን ብርሃን በጠርዝ ላይ በበቂ ሁኔታ ስለማይጫወት ነበር፤ በትልቁ ላይ ግን ጠርዙ በቂ ስፋት ስላለው ብርሃኑ ሥራውን ራሱ ይሠራል፤ እርስዎ ደግሞ በላዩ ነጭ ሲጨምሩበት ዕጥፍ ይሆንና ሐሰቱ ይጋለጣል። እንደዚሁም በትልቁ ላይ 1 ሚሊ ሜትር የተላጠ ቀለም በእውነተኛው ላይ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ በ1፡87 ላይ የተላጠ 1 ሚሊ ሜትር ግን ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ትልቁ ሞዴል የሚፈልገው ብዙ ቆሻሻ ሳይሆን ቦታውን ያወቀ ቆሻሻ ነው።

ቅድሚያው ለዝርዝር ዕቃዎቹ ነው፤ ምክንያቱም ቀለም ከተቀባ በኋላ መቦርቦርና ማጣበቅ ሥራን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ከሁሉ በፊት እንዲለውጧቸው የምመክረው ከአካሉ ጋር አብረው የተቀረጹትን የእጅ መያዣዎች ነው። እውነተኛው መያዣ ውፍረቱ ወደ 25 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ክብ ብረት ነው፤ ለ29 ሲካፈል 0.86 ስለሚሆን የ0.9 ሚሊ ሜትር የነሐስ ሽቦ ይበቃዎታል። የፕላስቲኩን መያዣ ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ስለት በትንሽ በትንሹ ይላጩት፤ ስለቱ ቢስት አካሉን እንዳይጭረው ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፤ ከዚያም በውሃ በራሰ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ቀዳዳዎቹን ለመብሳት አንዲት ጠባብ የነሐስ ቁራጭ ወስደው በመያዣው ልክ ሁለት ቀዳዳ ያውጡባትና እሷን እንደ መለኪያ ይጠቀሙ፤ ያለዚያ አሥር መያዣዎች በአሥር ልዩ ልዩ ስፋት ይወጣሉ። ፑንታውን በእጅ እያሾሩ ይብሱ፤ በኤሌክትሪክ ትራፓኖ የተሞከረ እንደሆነ ፕላስቲኩ ይቀልጥና ፑንታው ላይ ይጠመጠማል።

ሽቦውን ካጠፉ በኋላ ወደ ቀዳዳው እስከ መጨረሻው አይግፉት። የባቡር ሠራተኛ ጓንት ያጠለቀ እጁን የሚያስገባበት፣ በእውነተኛው ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክፍተት መኖር አለበት፤ ይህም በሞዴሉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት የፕላስቲክ ቁራጭ ከሽቦው ሥር ያስገቡና ሽቦው እስኪያርፍበት ድረስ ይግፉት፤ ማጣበቂያውን በአካሉ ውስጠኛ በኩል ያድርጉ፤ ከዚያ ቁራጩን ያውጡ። ሁሉም መያዣዎች እኩል ከአካሉ ርቀው ሲቆሙና ጥላቸው በቀለሙ ላይ ሲያርፍ ሲያዩ፣ ገና ምንም ቀለም ሳይነካው ሞዴሉ ከአሻንጉሊትነት ሲወጣ ይታይዎታል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጡት በማገናኛው ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉት የአየር ቱቦዎች፣ ማገናኛውን የሚፈታው ረጅም ዘንግ፣ የመስታወት መጥረጊያዎቹና ክላክሱ ናቸው። ቱቦዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ እውነተኛው ጎማ ክብደት ስላለው ወደ ታች ተቆልምሞ ይንጠለጠላል። ፕላስቲኩ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ሲያመለክት ብዙ ጊዜ ይታያል፤ በሙቅ ውሃ አለስልሰው ቁልቁል ያጉብጡት።

ወደፊት ቦጊውን (መንኮራኩሮቹን ከነአክስላቸው የሚይዘውን ከሥር ያለውን ክፍል) ከፊት ለፊት ሲያዩ ጠበብ ብሎ ቢታይዎ ደግሞ ስሕተቱ የእርስዎ አይደለም። ሞዴልዎ የሚሄድበት ሐዲድ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ1435 ሚሊ ሜትሩ መደበኛ ሐዲድ በ1፡29 ሲሰላ ግን 49.5 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ልኩን የሚያገኘው የ1፡32 ምጥጥን ነው። ይህ አምራቾች ዐውቀው የገቡበት ስምምነት ስለሆነ በብሩሽ የሚስተካከል ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ ፋብሪካው የቀባው ቀለም ደህና ነውና በቀጥታ በላዩ ላይ ብሠራ ምን ይጎዳል? እስካሁን የሞከርኩት አክሪሊክ ቀለም እንደ ውሃ ጠብታ እየተሰበሰበ አስቸግሮኛል።

መልስ፦ የተሰበሰበብዎ በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው የእጅ ቅባትና ከፋብሪካው የቀረ ቅሪት ሲሆን፣ ሁለተኛው ገጹ ልሙጥና አንጸባራቂ መሆኑ ነው። አካሉን ከሻሲው ፈትተው ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት፤ በሚገባ ያለቅልቁት፤ በጨርቅ ሳያሹት በአየር ይድረቅ። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይያዙት። የሚለጠፉ ቁጥሮችና ጽሑፎች ካሉዎት በሚያብረቀርቅ ቬርኒሽ ላይ ይለጥፏቸው፤ በማያብረቀርቅ ሻካራ ገጽ ላይ ከተለጠፉ ሥራቸው አየር ይታቆርና ዳርቻቸው እንደ ብር ያበራል። ጽሑፉ ከደረቀ በኋላ ሁሉንም በማያብረቀርቅ ቬርኒሽ በስሱ ይሸፍኑት፤ አክሪሊኩም ዱቄቱም የሚይዘው ያን ጊዜ ነው። አዲስ የገቡትን የነሐስ ሽቦዎች ግን አስቀድመው ለብረት የተዘጋጀ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ሊቀቧቸው ይገባል።

ጥያቄ፦ የሎኮሞቲቬን ጣሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ረጨሁት፤ ጭስ መስሎኝ ነበር። ጓደኞቼ ግን «እሳት ተነሥቶበት ነበር ወይ?» እያሉ ይስቁብኛል። ጭሱ በትክክል የት ነው የሚያርፈው? የጎኖቹስ ቀለም እንዴት ነው የሚደበዝዘው?

መልስ፦ ጓደኞችዎ ተሳስተዋል ለማለት ይቸግረኛል። ጥላሸት ከየት እንደሚወጣና ለምን እንደሚወጣ ካልታወቀ ጥቁር ቀለም ሁልጊዜ ቃጠሎ ይመስላል፤ ስለዚህ አስቀድመው የሎኮሞቲቭዎን ሞተር ይወቁ።

የጂፒ38-2 አምራች የሆነው የአሜሪካው ኤሌክትሮ-ሞቲቭ ለረጅም ጊዜ የሠራቸው 567 እና 645 የተባሉት ሞተሮች ባለ ሁለት ምት፣ ማለትም ፒስተኑ ሁለት ጊዜ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ነዳጅ የሚያቃጥሉ፣ ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ አየር የሚያገኙት ከሞተሩ ጋር በጥርስ ተያይዞ ከሚዞር ንፊያ (አየር መግፊያ መሣሪያ) ሲሆን፣ ሌሎቹ ቱርቦ፣ ማለትም በሚወጣው ጭስ ኃይል እየዞረ አየር የሚገፋ መሣሪያ፣ አላቸው። ለምሳሌ 2000 የፈረስ ጉልበት ያለው ጂፒ38-2 ንፊያ ያለው ስለሆነ በጣሪያው ላይ ሁለት ትንንሽ የጭስ ማውጫዎች ይታያሉ፤ 3000 የፈረስ ጉልበት ያለው ጂፒ40 ደግሞ ቱርቦ ስላለው አንድ ትልቅ ማውጫ ብቻ ነው ያለው። የኤሌክትሮ-ሞቲቭ ቱርቦ ሞተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ሳለ በጥርስ እየተነዳ አየር ስለሚያቀርብ የጠቆረ ጭስ የሚያወጣው በመጠኑ ነው። የሌሎቹ የአሜሪካ አምራቾች፣ የጄነራል ኤሌክትሪክና የአልኮ፣ ባለ አራት ምት ሞተሮች ግን ቱርቧቸው የሚዞረው በጭሱ ግፊት ብቻ በመሆኑ፣ ነጂው ጉልበት በድንገት ሲጨምር ነዳጁ ቀድሞ ይገባና አየሩ እስኪደርስለት ድረስ ማውጫው ጥቁር ደመና ይተፋል፤ አልኮዎች በዚህ ጠባያቸው የታወቁ ናቸው። ስለዚህ የአልኮ ጣሪያ ቢጠቁር ያምርበታል፤ የጂፒ38-2 ጣሪያ እንደዚያ ከጠቆረ ግን ዐዋቂ ሁሉ ይጠይቅዎታል። ለእርሱ የሚስማማው በሁለቱ ማውጫዎች ዙሪያ የተወሰነ፣ ወደ ኋላም ወደ ፊትም እየሳሳ የሚሄድ ጥላ ነው፤ ሎኮሞቲቩ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ነውና። ብዙ ሰዓት ቆሞ ሲያጓራ የሚሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር ያልተቃጠለ ዘይትም ስለሚተፋ፣ ከማውጫው አፍ አጠገብ ጥቂት የሚያብረቀርቁ ጠቃጠቆዎች ቢያደርጉ ከእውነቱ አይርቁም። የማውጫው ብረት ራሱ በሙቀት ቀለሙ ስለሚቃጠል በስሱ የዛገና ግራጫ ይሁን።

ቀለሙን ጥቁር ብቻ አያድርጉት፤ ጥቁር፣ ጥቂት ቡኒና በጣም ጥቂት ነጭ ይቀላቅሉ። ለዚህ የሚስማማው ኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ) ነው፤ አንድ እጅ ቀለም ከዘጠኝ እጅ ማቅጠኛ ጋር ተደባልቆ፣ ግፊቱ ከ1 እስከ 1.4 ባር ሆኖ፣ በአንድ ጊዜ የረጩት ሊታይዎ የማይገባ ያህል መሳሳት አለበት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ርጭት ላይ ጥላው ብቅ ማለት ሲጀምር ይቁሙና ነገ እንደገና ይዩት። አሁን ያለውን ጥቁር ጣሪያ ለማዳን ደግሞ የጣሪያውን መሠረታዊ ቀለም ጥቂት አፍክተው፣ አቅጥነው፣ ከማውጫዎቹ ርቀው በሚገኙት ክፍሎች ላይ ይመልሱበት።

ጎኖቹን በተመለከተ ሎኮሞቲቭ የሚታጠበው በሚሽከረከሩ ትልልቅ ብሩሾች መካከል እያለፈ መሆኑን ያስታውሱ። ብሩሹ ጠፍጣፋውን ጎን ያጸዳል፤ ጣሪያውን፣ የአየር ማስገቢያ ፍርግርጎቹን ጥግ፣ የበሮቹን ማጠፊያና የእጅ መያዣዎቹን ሥር ግን አያገኛቸውም። ቆሻሻ የሚከማቸውም በዚያ ነው። ፀሐይ ደግሞ ከላይ ስለምትመታ ጣሪያውና የጎኖቹ የላይኛ ክፍል ከታችኛው ይልቅ ይደበዝዛሉ። ለማደብዘዝ የአካሉን ቀለም ያፍኩ፤ ቀይ ከሆነ ግን ነጭ ብቻ ሲጨምሩ ከረሜላ እንዳይመስልብዎ ጥቂት ክሬም ቀለም ይጨምሩበት።

የዝናብ መስመሮች የመጨረሻው ሥራ ናቸው። ከአንድ ማጠፊያ ሥር የመርፌ ራስ የምታህል የቡኒ የዘይት ቀለም ነጥብ ያስቀምጡ፤ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቋት። ከዚያ ጠፍጣፋ ብሩሽ በአኳራጅ ነክረው፣ በጨርቅ ላይ ጨምቀው ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው ነጥቧን ከላይ ወደ ታች በአንድ ጊዜ ይጎትቷት። መጀመሪያ ወፍራም መስመር ይወጣል፤ ብሩሹን ጠርገው ደጋግመው ሲጎትቱት እየቀጠነ እየሳሳ ይሄድና ከታች በኩል የት እንዳለቀ አይታወቅም። ትክክል የሆነው ያን ጊዜ ነው። መስመሩ አንድ ሚሊ ሜትር ሰፍቶ ከቀረ በእውነተኛው ላይ 3 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ጅረት ማለት ስለሆነ እንዲቀጥን አይሰልቹ።

ጥያቄ፦ የአቧራ ዱቄት በብሩሽ አዳርሼ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። በእጅ ሲነካ እንዳይለቅ ቬርኒሽ ስረጭበት ግን ዱቄቱ ጠፋ! በሌላ ሞዴል ላይ ደግሞ ጥቁር ቀለም በአልኮል አቅጥኜ ባፈስስበት አካሉ በሙሉ እንደ ውርጭ ነጣ። ሁለቱም ምን ሆነው ነው?

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ለመረዳት ደረቅ አሸዋ ውሃ ሲነካው የሚሆነውን ያስቡ፤ አሸዋው የትም አልሄደም፤ በቅንጣቶቹ መካከል የነበረው አየር በውሃ ስለተተካ ብቻ ይጠቁራል። በዱቄትዎ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ፈካ ያለ የአቧራ ቀለም ያለው ዱቄት ስለዚህ ይበልጥ ይጎዳል፤ የዝገትና የጥላሸት ዱቄት ያን ያህል አይጠፋም። መፍትሔው ቬርኒሹን ከሩቅ፣ በጣም በስሱ፣ በየመሐሉ እያደረቁ መርጨት፣ ዱቄቱንም ከሚፈልጉት በላይ አብዝቶ መጀመርና በየንብርብሩ መጨመር ነው። የመጨረሻውን የዱቄት ንብርብር ያለ ቬርኒሽ ቢተዉት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ እጅ በማይነካቸው ቦታዎች፣ ማለትም በቦጊዎቹ፣ በነዳጅ ታንኩ ሥርና በፍርግርጎቹ ውስጥ እኔ ሁልጊዜ እንዲሁ እተወዋለሁ። ሞዴሉ ደጅ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ከሆነ ግን ይህ ምክር አይሠራም፤ የመጀመሪያው ዝናብ ያጥበዋል።

ሁለተኛው የደረሰብዎ አልኮሉ ከሥሩ የነበረውን የላከር ቬርኒሽ ገጽ ስለበላው ነው፤ የተረበሸው ገጽ ብርሃን ስለሚበትን ነጭ ሆኖ ይታያል። አይደንግጡ፤ ያንኑ ቬርኒሽ በስሱ እንደገና ቢረጩበት ብዙውን ጊዜ ንጣቱ ይጠፋል። ለወደፊቱ ቬርኒሽና ማቅጠኛ ከተለያየ ቤተሰብ ይሁኑ፤ ከሥር ላከር ካለ በላዩ በውሃ የቀጠነ አክሪሊክ ወይም በአኳራጅ የቀጠነ የዘይት ቀለም ይሥሩ። አንዳንድ ሠሪዎች ግን ይህንኑ ንጣት ሆን ብለው በፀሐይ የነጣ ቀለም ለማስመሰል ይጠቀሙበታል፤ እኔ ለጀማሪ አልመክረውም።

ዱቄትም ሆነ የሚረጭ ቀለም ሲጠቀሙ የአፍና የአፍንጫ መከላከያ ያድርጉ። ለዱቄቱ የአቧራ ጭንብል ይበቃል፤ ለላከሩ ግን ትነት የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ጭንብልና አየር የሚዘዋወርበት ክፍል ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ በቦጊዎቹና በመተላለፊያው አጥር ሥር አፈሰስኩ። በማግስቱ ሦስት የአጥር እግሮች ተሰብረው አገኘኋቸው። ማንም አልነካቸውም። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ተጣጥፎ ወይም ተወጥሮ ወደ ቀዳዳው የገባ ፕላስቲክ ውስጡ ጭንቀት አለበት። አኳራጅና መሰል ማቅጠኛዎች ሲያገኙት በዚያች በተወጠረች ቦታ ሰርገው ይገቡና ቀስ ብለው ይሰነጥቁታል። ፈሳሹ ከሥር ተቋጥሮ ለብዙ ሰዓት ከቆየ ደግሞ ይብሳል፤ የአጥር እግሮች ሥር ለዚህ ሁለት ጊዜ የተመቸ ነው፤ ውጥረትም አለ፣ ፈሳሽም ይታቆራል። ስለዚህ በመጀመሪያ አካሉ ሙሉ በሙሉ በአክሪሊክ ቬርኒሽ የተሸፈነ ይሁን፤ የተቆረጡና የተበሱ ጫፎች ሳይቀሩ። ቀጥሎም ማፍሰሱን ይተዉና በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ስንጥቁንና ጥጉን ብቻ ይንኩ፤ የተጠራቀመ ካለ ወዲያው በደረቅ ብሩሽ ይምጠጡት። የተቻለ እንደሆነ አጥሩን ፈትተው ለብቻው ቀብተው ይመልሱት።

የተሰበሩትን እግሮች በነሐስ ሽቦ ይተኳቸው። የትልልቅ ሞዴሎች አጥር አንዳንዴ የሚሠራው እንደ ሰም ከሚያንሸራትት ተጣጣፊ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ማጣበቂያም ቀለምም በወጉ አይዝለትም፤ በተጣጠፈ ቁጥር ቀለሙ ይፈረፈራል። ያንን ዓይነት ከሆነ በሙሉ ማውጣትና ከሽቦ በስታኞ እየበየዱ መሥራት ጊዜ ቢወስድም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ቦጊዎቹንና መንኮራኩሮቹን የዝገት ቀለም ቀባኋቸው። አምረዋል፤ ሎኮሞቲቩ ግን አልንቀሳቀስ አለ፤ ሲሄድም ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ ኤሌክትሪክ የሚገባው በመንኮራኩሩ ሐዲድ ነኪ ገጽና፣ በብዙ ትልልቅ ሞዴሎች ላይ ደግሞ በሐዲዱ ላይ በሚንሸራተቱት የብረት ጫማዎች በኩል ነው። ቀለምና ቬርኒሽ ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። ጥጥ በአልኮል ነክረው እነዚህን ገጾች ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይጥረጉ፤ በእውነተኛው ሎኮሞቲቭ ላይም የመንኮራኩሩ ሐዲድ ነኪ ገጽ እንደ መስታወት የጠራ ነውና በዚህ መልኩም አይጎዳም። ከመንኮራኩሮቹ አንዳንዶቹ የጎማ ቀለበት ያላቸው ከሆነ ግን ቀለበቱን ማቅጠኛ አያስነኩት።

በሚቀጥለው ጊዜ ሎኮሞቲቩን ገልብጠው በለስላሳ ስፖንጅ ላይ ያስተኙት፤ ሐዲድ ነኪውን ገጽ ይሸፍኑ፤ ሁለት ሽቦ አገናኝተው መንኮራኩሮቹ በዝግታ እየዞሩ ሳለ በኤርብራሽ ይርጩ። ሳይዞሩ ከተረጩ ከቦጊው ፍሬም ጀርባ የተደበቀው ክፍል አዲስ ሆኖ ይቀርና በመጀመሪያው ዙር ይጋለጣል።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ልበል፤ ቦጊ በሙሉ ዝገት አይደለም። ሁልጊዜ ዘይትና ግራሶ ስለሚነካው ብዙም አይዝግም። ዝገት የሚመስለው ከፍሬኑ የሚነሣ ብናኝ ነው፤ በድሮዎቹ ሎኮሞቲቮች የፍሬኑ ሸራ ከጊዛ የተሠራ ስለነበር የሚበነው የብረት ዱቄት ነበርና ቀላ ያለ ቡኒ ሆኖ ሁሉን ይሸፍናል፤ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እየተስፋፋ የመጣው የድብልቅ ሸራ ብናኝ ግን ይበልጥ ጠቆር ያለ ነው። ስለዚህ ሞዴልዎ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ሳይወስኑ ቀለሙን መምረጥ አይችሉም። በዚያ ላይ የአሸዋው ጉዳይ አለ፤ ሎኮሞቲቭ መንኮራኩሩ እንዳይንሸራተት በየቦጊው ፊት ባሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ደረቅ አሸዋ በሐዲዱ ላይ ይነፋል። ከቧንቧው አፍ አጠገብ፣ በመንኮራኩሩ ፊትና በቦጊው ፍሬም ላይ ፈዛዛ የክሬም ዱቄት በጣት ጫፍ ያህል ቢጨምሩ ቦጊው ወዲያው ነፍስ ይዘራል። የነዳጅ ታንኩ ሌላ ነው፤ ከመሙያው አፍ ሥር የፈሰሰ ናፍጣ አቧራውን ስለሚያጠቁረው ጠባብ መስመር ጠቆር ባለ ቀለም ይሳሉና መስመሯን ብቻ በሚያብረቀርቅ ቬርኒሽ ይቀቧት። በዙሪያው ያለው ሁሉ አቧራማ ሆኖ እሷ እርጥብ መስላ ትቀራለች።

ጥያቄ፦ የጋቢናውን መስታወት በሱፐር ግሉ አጣብቄ ሳበቃ ነጭ ጉም ለበሰ። ደግሞም የፊት መብራቱን በኤልኢዲ ልለውጥ አስባለሁ፤ የሚፈልገው ሬዚስተር ስንት ነው?

መልስ፦ ጉሙ የሱፐር ግሉ ትነት ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ ሥራዬ ሁሉ አልቆ ክዳኑን ከገጠምኩ በኋላ ደርሶብኛል። ትነቱ በታፈነ ጋቢና ውስጥ መውጫ ሲያጣ መስታወቱ ላይ ይረጋል። ቀላል ከሆነ መስታወቱን አውጥተው በፕላስቲክ ማወልወያ ያሹት፤ ካልሆነ ይለውጡት፤ ለመስታወት የሚስማማው ሲደርቅ ጥርት የሚል ነጭ የውሃ ማጣበቂያ ነው። አዲሱን መስታወት ከገጠሙ በኋላ የመጥረጊያውን ቅስት በወረቀት ፕላስተር ቆርጠው ይለጥፉበት፤ አቧራውን ሲረጩ መስታወቱንም ይርጩት፤ ፕላስተሩን ሲያነሡ መጥረጊያው የጠረገው ቅስት ጠርቶ ይቀራል። የቅስቱ መዞሪያ ነጥብ መጥረጊያው ከተተከለበት ቦታ ጋር መግጠሙን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ አለመግጠሙ ከሁሉ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባ ስሕተት ነው።

ኤሌክትሪኩ ወጥ 20 ቮልት ከሆነና ኤልኢዲው 3 ቮልት የሚወስድ ከሆነ የሚቀረው 17 ቮልት ነው፤ ለ10 ሚሊ አምፔር 1700 ኦም ይወጣል፤ በገበያ የሚገኘው ቀጣዩ 1800 ኦም ስለሆነ እሱን ያስገቡ፤ ሩብ ዋት ይበቃዋል። ነጣ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ለአምፖል ዘመን ሎኮሞቲቭ ስለማይሄድ ሞቅ ያለውን ነጭ ይምረጡ። የመብራቱን ቤት ውስጡን ጥቁር ይቀቡት፤ ያለዚያ ፕላስቲኩ ራሱ ይበራና የሎኮሞቲቩ አፍንጫ በሙሉ እንደ ፋኖስ ይታያል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ የሚደረገው ውድ በሆነ ሞዴል ላይ ነው። ወንድሜ ዋጋውን ታበላሸዋለህ ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ወንድምዎ ከፊል እውነት አላቸው። ሳይነካ ከነካርቶኑ የተቀመጠ ሞዴል የሚፈልጉ ሰብሳቢዎች የተቀባውን ባነሰ ዋጋ ነው የሚገዙት፤ በሥራው የሚደሰቱ ገዢዎች ደግሞ በጣም ጥሩ ለሆነ ሥራ ጨምረው ይከፍላሉ፤ መካከለኛ ለሆነው ግን አይከፍሉም። ለመሸጥ ካሰቡ አይንኩት። ለራስዎ ከሆነ ከመሠረታዊው አካል የፈቱትን ሁሉ፣ አጥሩን፣ ክላክሱንና የመጀመሪያዎቹን ማገናኛዎች ጭምር፣ በከረጢት አድርገው በካርቶኑ ውስጥ ያስቀምጡ። የመጀመሪያ ሙከራዎንም በሎኮሞቲቩ ላይ አያድርጉ፤ ከተሰበረ ሞዴል የተገኘ ማንኛውንም የፕላስቲክ ጎን በተመሳሳይ ቀለም ቀብተው፣ ቬርኒሹንም ዱቄቱንም የዘይት መስመሩንም በእሱ ላይ ይሞክሩ። ያንን ቁራጭ አይጣሉት፤ ከስድስት ወር በኋላ የቀለሙን ድብልቅ ሲረሱት ጀርባው ላይ የጻፉት ማስታወሻ ያስፈልግዎታል።